መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ

ስብሰባ የሚያልቀው ሰብሳቢው «ስብሰባው ተዘግቷል» ሲል ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ባለደብተሩን ብትጠይቁት ግን የሚጀምረው ያኔ ነው ይላችሁ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጋዜጠኝነት የከተማውን ምክር ቤት ሲከታተል፣ ዋና ዋናውን ነገር የሰማው ጸሐፊዋ መዝገቧን ከዘጋች በኋላ ነው። ሰዎቹ ወንበር እየጎተቱ ይነሳሉ፣ ኮታቸውን ይደርባሉ፣ በሩ ላይ «አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም» ይባባላሉ። ያን ጊዜ የሰው ልብ ላላ ይላል፣ አፉም እንደዚያው። ባለደብተሩ ብዕሩን ኪሱ ከትቶ፣ ምንም እንዳልፈለገ ሰው ጠጋ ይልና «እኔ የምለው፣ ያ ቧንቧ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» ይላል፣ እንደ ዋዛ። ሐሙስ ዕለት ቧንቧው በማን ግቢ እንደሚያልፍ ከተማው ሁሉ በጋዜጣ ያነበዋል።

ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። ከደረት ኪሱ በማትለየው ትንሽ ደብተር የተነሳ ባለደብተሩ አሉት፤ ሲሰነብት እሱም ስልክ ሲያነሳ «ባለደብተሩ ነኝ» ማለት ጀመረ።

ጋዜጣው ሐሙስ ሐሙስ ይወጣል። ድሮ አሥራ ሁለት ገጽ ነበረ፤ ወደ ስምንት ወረደ፣ አሁን አራት ነው። መጀመሪያ ፎቶ አንሺው ሄደ፣ ከዚያ ሁለቱ አራሚዎች፣ ከዚያ ስፖርት የሚጽፈው ያ ተረበኛ። ሰው ሲሄድ ጠረጴዛው ይቀራል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የሻይ ብርጭቆው ክብ ምልክት ይቀራል። ባለደብተሩ ጠዋት ሲገባ በዘጠኙ ጠረጴዛዎች መሀል እያለፈ ምልክቶቹን በልቡ «እንዴት አደራችሁ» ይላቸው ነበር።

በመጨረሻ ፈጣኑ መጣ። ፈጣኑ ሰው አይደለም፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ባለቤቶቹ ያወጡለት ረጅም ስም አለው፤ ሠራተኛው ግን «ፈጣኑ» አለውና በዚያው ጸና። የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ በኢሜይል ሲደርሰው ያነበዋል፣ ዜና ያደርገዋል፣ ርዕስ ሰጥቶ ገጹ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰው የሻይ ስኳሩን አማስሎ አይጨርስም።

አንድ ሰኞ ጠዋት አዘጋጁ ባለደብተሩን ጠራው። ይህ አዘጋጅ ተለማማጅ ሆኖ ሲመጣ በር ላይ መቆምን ያስተማረው ራሱ ባለደብተሩ ነው።

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ።»

«ቁጭ በል ከተባልኩማ አለቀልኝ» አለ ባለደብተሩ እየሳቀ። አዘጋጁ ግን አልሳቀም።

«ከእንግዲህ ስብሰባ መሄድ አያስፈልግም ተብሏል። ቃለ ጉባኤው ራሱ ይመጣል።»

«በሩ ላይ የሚወራውስ? እሱም በኢሜይል ይመጣል?»

«እሱንማ…» አለና አዘጋጁ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ በእኔ አይዘኑ። ደብዳቤውን እንኳ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ፈጣኑ ነው የጻፈው።»

ባለደብተሩ መነጽሩን አድርጎ የስንብት ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። «ጎበዝ ነው» አለ በመጨረሻ። «ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልሳተም።» ይህን ብሎ ወጣ።

እንግዲህ የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ በአንድ ደብዳቤ አይለቅም። ማክሰኞ ሲደርስ እግሩ ራሱ ወደ ምክር ቤቱ ወሰደው። በመስኮቱ በኩል ያለችው ወንበሩ እንደተቀመጠችበት ነበረች። ስብሰባው አጭር ነበር፤ «የወንዝ ዳር አካባቢ ማሻሻያ፣ ንዑስ ዕቅድ አራት» የሚባል ነገር ተነበበ፣ እጅ ወጣ፣ ጸደቀ፣ ጸሐፊዋ መዝገቧን ዘጋች። ባለደብተሩ ተነሳና መሐንዲሱን በሩ ላይ ጠበቀው። መሐንዲሱ ጥቅል ካርታ በብብቱ ይዞ ነበር።

«ያ መንገድ በወንዙ በየትኛው ዳር ነው?»

«በወዲህኛው ነው ጋሼ። ከድልድዩ እስከ አሮጌው ወፍጮ።»

«ስፋቱስ?»

«ሠላሳ ሜትር።»

ባለደብተሩ ያን ሰፈር በእግሩ ያውቀዋል። ከወንዙ እስከ ቤቶቹ ጓሮ አጥር ድረስ አሥር ሜትር ቢሞላ ነው። «ቤቶቹስ?» አለ።

መሐንዲሱ ግራ ቀኙን አየ። «ይነሳሉ። ሃያ ሁለት ቤት ነው። ለነዋሪው ከተነገረ በኋላ ዐሥር የሥራ ቀን የተቃውሞ ጊዜ አለ፤ ከግማሽ ያላነሰ ቤት ከፈረመ ዕቅዱ ተመልሶ ይታያል። ያ ካለፈ አለቀ።»

«ለነዋሪው ማን ይነግረዋል?»

«ጋዜጣ ነዋ! ሕጉ በአካባቢው ጋዜጣ የወጣ እንደተነገረ ይቆጠራል ነው የሚለው። እርስዎ አይደሉ እንዴ የሚጽፉት?» መሐንዲሱ ይህን ብሎ ፈገግ አለና ካርታውን በሌላው ብብት አድርጎ ወረደ። ባለደብተሩ እንደተባረረ አልሰማም ነበር።

ከሃያ ሁለቱ ቤቶች አንዱ የባለደብተሩ ታላቅ እህት ቤት ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ከእናታቸው ሞት በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ዛሬ እሱ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እሷ ግን አሁንም ማሙሽ ትለዋለች። የፊት ክፍሏን የእግር ስፌት መኪናዋ ሞልቶታል። ግድግዳው ላይ በየምስማሩ የእጅጌ፣ የአንገት፣ የወገብ ልክ ተንጠልጥሏል፤ ሁሉም ከአሮጌ ጋዜጣ የተቆረጠ ነው። አንዱ እጅጌ ላይ የባለደብተሩ የውኃ መሥመር ዜና አለ፣ አንዱ አንገት ላይ ስለ ድልድዩ የጻፈው። «ከተማው ሁሉ አንተን ለብሶ ነው የሚሄደው» ትለዋለች ስትቀልድ። የጨርቅ መቀሷን ግን ለጋዜጣ አታነሳም፤ ለወረቀት ሌላ መቀስ አላት።

ሐሙስ ጋዜጣው ወጣ። ባለደብተሩ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ አነበበው። «የወንዝ ዳር ማሻሻያ ዕቅድ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይላል። ለእግረኛ ምቹ መንገድ፣ ዛፍ፣ መብራት፣ አግዳሚ ወንበር። አንድም ውሸት የለበትም። አንድም ቤት የለበትም።

በቀጥታ ወደ አዘጋጁ ሄደ። ያየውን፣ የሰማውን፣ ሁሉንም ነገረው። አዘጋጁ ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ።

«ጋሼ፣ አምንዎታለሁ። ግን ቃለ ጉባኤው ውስጥ የለም። መሐንዲሱን ደውዬ እጠይቀዋለሁ፣ ይቆዩ።» ደወለ። መሐንዲሱ ስለ ዕቅዱ አስተያየት መስጠት እንደማይችል፣ ካርታውን ለማየት በጽሑፍ መጠየቅ እንደሚቻል፣ መልሱም በአሥራ አምስት ቀን እንደሚሰጥ ተናገረ። በሩ ላይ የነበረው ሰውና ስልኩ ላይ ያለው ሰው አንድ አይመስሉም።

«እንግዲያው አንተው ጻፈው» አለ ባለደብተሩ። «በስምህ።»

«የት ላይ?» አለ አዘጋጁ። «ገጹ እዚህ አይሠራም እኮ። ድሮ የምጫነው ቁልፍ ነበረ፤ አሁን ቁልፉ የት እንዳለ ራሱ አላውቅም። እኔ ሲወጣ ነው የማየው፣ እንደ ሰው ሁሉ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአንባቢ ጥቆማ መቀበያ አለው። እዚያ ይላኩ። አንዳንዴ ያስገባዋል።»

ባለደብተሩ ላከ። ሃያ ሁለት ቤት እንደሚፈርስ፣ ዐሥር ቀን እንዳለ፣ ግልጽ አድርጎ ጻፈ። ጣቱን ከቁልፉ ሳያነሳ መልስ መጣለት፦ «ስለ ጥቆማዎ ከልብ እናመሰግናለን።» ወደ ሬዲዮ ጣቢያውም ሄዶ ነበር። ዘበኛው ግቢውን እየጠረገ «ውስጥ ማንም የለም አባቴ፣ ሙዚቃው ራሱ ነው የሚጫወተው» አለው።

የቀረው እግሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዝ ዳር ወረደ። እህቱ መኪናዋን አቁማ ጋዜጣውን ዘርግታ፣ ሁለት ጎረቤቶቿ አጠገቧ ተቀምጠው አገኛቸው። አንደኛው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሌላዋን ሰፈሩ የመንታዎቹ እናት ይላታል።

«ና ማሙሽ፣ ና!» አለች እህቱ። «አግዳሚ ወንበር ሊሠራልን ነው አሉ። እኔማ ጥልፌን እዚያ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው።»

«እትዬ፣ ስሚኝ። መንገዱ በወንዙ ዳር አይደለም የሚያልፈው። በአንቺ ላይ ነው የሚያልፈው። ቤቱ ይፈርሳል። የሁላችሁም።»

ሾፌሩ ጋዜጣውን አነሳና እያገላበጠ አየው። «የታለ?» አለ።

«አልተጻፈም።»

«ለምን አልተጻፈም?»

«ማሽን ስለጻፈው ነው። በር ላይ የተነገረውን አይሰማም።»

ሾፌሩ ጉንጩን አከከ። አሁን የሚናገረውን እንድትረዱለት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ድልድዩ ተሰንጥቋል፣ ዛሬ ይወድቃል የሚል ወሬ ተነሳና ሰፈሩ ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። በግርግሩ የሾፌሩ ሚስት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ከዚያም በኋላ እንደ ልቧ አልሄደችም። ያኔ ባለደብተሩ መንገዱ መሀል ቆሞ «ሰማችሁ! በጋዜጣ ካልወጣ ወሬ ነው። እኔ ሳላጣራ የሚወጣ የለም» አላቸው። ያ ቃል የሰፈሩ ሕግ ሆኖ ቀረ። እገሌ ልታገባ ነው ሲባል እንኳ «በጋዜጣ ወጣ?» ብለው ይሳሳቃሉ።

«ጋሽ ባለደብተሩ» አለ ሾፌሩ፣ በአክብሮት ነው፣ «ራስህ ነህ ያስተማርከን። በጋዜጣ ካልወጣ ወሬ ነው። ባለቤቴ በወሬ ነው እግሯን ያጣችው ማለት ይቻላል። አሁን ደግሞ ፍራሽ አላወጣም።»

«ያን ጊዜ የሚያጣራ ሰው ነበረ እኮ! አሁን የለም!»

«ታዲያ አንተ ስትወጣ ጋዜጣው ውሸታም ሆነ?» አለች የመንታዎቹ እናት። ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲያውም ዓይኗ ውስጥ ያለው ሐዘኔታ ነው። እሱን ደግሞ ከስድብ በላይ ያቆሰለው ያ ነው። «ከሥራ መውጣት ከባድ ነው ወንድሜ። የኔም ሰውዬ እንደዚሁ ሆኖ ነበር፣ በሁሉም ነገር ክፉ ነገር ይታየው ነበር። ይለቅሃል፣ አይዞህ።»

እነሱ ሲወጡ እህቱን አያት። እሷ መርፌ ውስጥ ክር ለመክተት ትታገል ነበር።

«አንቺም እንደነሱ ነሽ?»

«እኔማ ምን አውቃለሁ» አለች። «አንተ ካልክ ይሆናል። አምጣ፣ የት ጋ ነው የሚፈረመው?»

ፈረመች። የፈረመችው ግን በትኩሳት የሚቃዥን ሕፃን «እሺ፣ እሺ የኔ ጌታ» እንደሚሉት ዓይነት ነበር። እሱ ይህ አልጠፋውም።

በዚያ ሳምንት ቤት ለቤት ዞረ። ሻይ አፈሉለት፣ ወንበር አወጡለት፣ ጤንነቱን ጠየቁት፣ ብዕሩን ግን አልነኩትም። ከሃያ ሁለት ቤት አሥራ አንድ ፊርማ ያስፈልገዋል። ሁለት አገኘ፤ አንዱ የእህቱ፣ ሌላው ከወፍጮው አጠገብ ያሉ ሽማግሌ፤ እሳቸውም «አንተ ያመጣኸውን ምን አንብቤ?» ብለው ነው።

ከዚያ ሁለተኛው ሐሙስ መጣ። ጠዋት በመንገድ ሲያልፍ የመንታዎቹ እናት ከደጃፏ ጠራችው፤ ፊቷ በርቷል። «አየህ! ራስህ ጻፍከው አይደል? እንኳን ልብህ ተመለሰ!» ብላ ጋዜጣውን ዘረጋችለት። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች በኩል፦ «የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ለማሻሻያ ዕቅዱ ያላቸውን ከፍተኛ ትኩረት በጥቆማ መስጫችን በኩል እየገለጹ ነው። አንድ ነዋሪ ዕቅዱ ሃያ ሁለት ቤቶችን የሚመለከት መሆኑን ጠቁመዋል።»

የራሱ ቃል ነው። ሃያ ሁለቱም አለ፣ ቤቶቹም አሉ። «ይፈርሳሉ» የሚለው ብቻ «የሚመለከት» ሆኗል። ባለደብተሩ ሦስቴ አነበበው። ማንን ይቆጣል? ድሮ ዜናውን ያበላሸበትን አዘጋጅ ጠረጴዛ ደብድቦ ይጮህበት ነበር፤ ማታ ደግሞ ይታረቁ ነበር። አሁን የሚደበደብ ጠረጴዛም የለ፣ የሚታረቁትም ሰው የለ።

«የጻፍኩት እኔ አይደለሁም» አላት።

«ትሕትናህን እናውቃለን» አለች።

አሥረኛው የሥራ ቀን ሐሙስ ላይ ዋለ። ያን ዕለት ጠዋት እህቱ ቤት ሲገባ መኪናዋ ጸጥ ብሏል። የሦስተኛው ሐሙስ ጋዜጣ ጭኗ ላይ ነበር፤ ስለ ወንዙ ዳር ምንም የለበትም።

«ማሙሽ» አለች ቀና ሳትል። «ትናንት ሁለት ሰዎች ጓሮዬ ገብተው ሲለኩ አየሁ። ምን እየለካችሁ ነው ስላቸው ‹ቤት ውስጥ ስንት ሰው ትኖራላችሁ?› አሉኝ። የመንገድ ዛፍ የሚተክል ሰው ይህን ምን ይጠይቃል?»

«እውነት ነው ያልኩሽ፣ እትዬ።»

«አውቄዋለሁ። ሌሊቱን ሳላምንህ አድሬ፣ ጠዋት ስነሳ አመንኩህ።» ተነሳች፣ ነጠላዋን ከወንበሩ ጀርባ ሳበች። «አምጣ ወረቀቱን። እኔን እምቢ የሚለኝ ካለ አያለሁ። የዚህን ሰፈር ሱሪ ሁሉ ያጠበብኩትም ያሰፋሁትም እኔ ነኝ።»

እሷ በግራ በኩል፣ እሱ በቀኝ በኩል ደጅ አንኳኩ። ግን የሥራ ቀን ነበር፤ ግማሹ ሰው ሥራ ላይ፣ ግማሹ ገበያ ነው። ያገኘቻቸውን እየተቆጣች፣ እየለመነች አስፈረመች። ሾፌሩ ብዕሩን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመና «ጋዜጣ ላይ ባየው ኖሮ» ብሎ መለሰላት። ምክር ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ባለደብተሩ እያለከለከ መስኮቱ ጋ ደረሰ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ፊርማዎቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች።

«ስምንት ነው ጋሼ። ሦስት ይጎድላል።»

«ነገ ጠዋት ላምጣው? በሥራ ላይ ያሉት ሲመለሱ…»

«ነገማ አይቀበለኝም።» አይቀበለኝም ያለችው ኮምፒውተሯን እያሳየች ነው። «ቀኑ ሲያልፍ ራሱ ይዘጋል። እኔ እጄን ባስገባ ደስ ይለኝ ነበር።» ቢሆንም ወረቀቱን ማኅተም መታችለት፣ «ገቢ ሆኗል» የሚል። ሌላ የምታደርግለት ነገር አልነበራትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በየቤቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈ። ከድልድዩ ጀምሮ አንድ፣ ሁለት እያለ እስከ ወፍጮው። የእህቱ ቤት አሥራ አራት ነበር። ያን ቀን እሱ እዚያው ነበር፤ የእጅጌና የአንገት ልኮቿን ከምስማር እያወረደ ሲጠቀልልላት፣ ሰፈሩ እየተንጋጋ መጣ። የፊት ክፍሉ ሞልቶ ደጃፉ ድረስ ቆሙ። ማንም «ነግረኸን ነበር» አላለውም። አለማለታቸው ከበደው።

ሾፌሩ ከፊት ነበር። ቆቡን በእጁ ይዞ ያሻዋል።

«ጋሽ ባለደብተሩ… ጻፍልን።»

«አዎ ጻፍልን!» አለች የመንታዎቹ እናት፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «እንዲህ አደረጉን ብለህ ጻፍ። ሰው ይስማ። አንተ ከጻፍከው እኮ ይስተካከላል፣ ያኔ የውኃውን ጊዜ አልተስተካከለም?»

ባለደብተሩ እህቱን አያት። እሷም አየችው። እሷ ታውቃለች፤ ጋዜጣው ቁልፍ እንደሌለው፣ አዘጋጁም ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛውን ባዶ አድርጎ እንደሄደ ነግሯታል። ቢሆንም ወንበር ጎትታ መሀል ላይ አስቀመጠችለት።

ተቀመጠ። ከደረት ኪሱ ደብተሩን አወጣ፣ ንጹሕ ገጽ ፈለገ፣ ቀኑን ከላይ ጻፈ።

«አንድ በአንድ» አለ። «ከአንተ እንጀምር። ቤቱን ማን ሠራው?»

«አባቴ» አለ ሾፌሩ። «በገዛ እጁ። በሩን ሁለት ጊዜ ነው የቀየርኩት።» ስለ በሩ ተናገረ፣ ስለ ሚስቱ ዳሌ ተናገረ፣ እሷ እንድትይዘው ብሎ በመተላለፊያው ስለገጠመው እንጨት ተናገረ። ባለደብተሩ ሁሉንም ጻፈ። ቀጥሎ የመንታዎቹ እናት፣ ቀጥሎ ሽማግሌው። ስም ሲነግሩት «እንዴት ነው የሚጻፈው?» እያለ ይጠይቃል፣ ዕድሜ ሲነግሩት መልሶ ያረጋግጣል፤ ነገ ማተሚያ ቤት የሚገባ ይመስል አንዲት ነገር አላሳለፈም። ተራቸውን የጨረሱት ቀለል ብሏቸው ወደ ግድግዳው እየተጠጉ ለሌላው ቦታ ይለቁ ነበር።

ደብተሩ ሊያልቅ ሁለት ገጽ ሲቀረው ሾፌሩ ከኋላ «ለመሆኑ በየትኛው ሐሙስ ነው የሚወጣው?» አለ።

ባለደብተሩ ቀና አላለም። ገጹን ገለበጠ።

«እትዬ» አለ፣ «ተራሽ ነው። እዚህ ቤት ስንት ዓመት ኖርሽ?»